የፒካፗ ግዝት

ሁሉን መርምሮ በሚያውቀው፣ እርሱን ግን ማንም መርምሮ በማይደርስበት አምላክ ስም እጀምራለሁ።

እኔ ክንዱ ዋሴ፣ ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ፣ የቀድሞ ሾፌር፣ የንፋስ መውጫ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ከገዛ ቤቴ፣ ከገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ኑዛዜ በቃሌ እናዘዛለሁ። እግሬ አብጧል፣ ደረቴም ውኃ ቋጥሯል። ሐኪሙ ለባለቤቴ በሹክሹክታ የነገራትን ከማዶ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልመከረኝም። ሊመክሩኝ የሞከሩ ነበሩ፤ ስማቸው በየተራው ይመጣል።

ይህን የምትጽፈው ውልና ማመልከቻ በመጻፍ የምትተዳደረው ሰናይት ናት። የመረጥኋት ልጆቼ ስለማያውቋት ነው። እኔ የምለውን ብቻ ሳይሆን በዚህ ክፍል የሚነገረውን ሁሉ እንድትጽፍ አዝዣታለሁ። «አሳምሬ ልጻፈው» ብላ አንዲት ቃል ከለወጠች ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ሰናይት፣ ይኸንንም ጻፊ።

ምስክሮቼ አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያው የነፍስ አባቴ አባ ፊልጶስ ናቸው። የእኔም፣ የሚስቴም፣ የልጆቼም ንስሐ በእርሳቸው ጆሮ የገባ ስለሆነ ከአጠገቤ እንዲርቁ አልፈልግም። ሁለተኛው ከአርብ ገበያ ከተማ ያስመጣኋቸው ቄስ አድማሱ ናቸው፤ እርሳቸው አባ ፊልጶስን እንዲጠብቁልኝ ነው። ሦስተኛው ጎረቤቴ አቶ ወልደማርያም ነው። በአጥር ድንበር አሥራ ስድስት ዓመት ስለተካሰስን ከእኔ ቤት ሰው ጋር ይዶልታል ብዬ አልሰጋም። አራተኛዋ ወይዘሮ ይታይሽ ናት። የሰማችውን ሳታወራ ስለማታድር ነገ ጠዋት ከተማው ሁሉ ኑዛዜዬን በቃሉ ያውቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊደልዘው አይችልም። ይታይሽ በዚህ ተቀይማ ብድግ ብላ ነበር፤ ተመልሳ ተቀምጣለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ እስከ ዛሬ አልተመነጠርሁም።

ቤቱና ግቢው ለባለቤቴ ለየሺ ይሁን። በቁርባን የተጋባን ነን፤ አምሳ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖራለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ዋሸችኝ ብዬ የምጠረጥራት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ከዘመቻ የሸሸ ወንድሟን ጓዳ ደብቃ ሳለ ማንም የለም ያለችኝ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛውን ስደርስበት እናገራለሁ። እርሷ በሕይወት ሳለች ከጣሪያው አንዲት ቆርቆሮ የሚነቅል ልጅ ድርሻውን ያጣል።

ከከተማ ውጭ ያለው የገብስ መሬት ለበኩር ልጄ ለንጋቱ ይሁን። ንጋቱ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ ይህን አልክድበትም። ነገር ግን ባለፈው ሰኔ አሮጌ ብረት በኪሎ የሚገዛ ሰው ይዞ ግቢዬ ገብቶ ፒካፔን ሲያስገምት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውዬው በዱላ ጎኗን እያንኳኳ «ቀጭን ናት» ይል ነበር። ስለዚህ መሬቱን የሰጠሁት ስለሚያርሰው እንጂ ስለማምነው አይደለም።

ላሚቱና ሁለቱ ጊደሮች መካነ ኢየሱስ ከተማ ለምታስተምረው ልጄ ለፍቅርተ ይሁኑ። ፍቅርተ መንጃ ፈቃድ አወጣች ሲሉኝ ስቄባት ነበር። በዚያ ሳቅ ተቀይማ ሁለት ፋሲካ አልመጣችም። ዛሬ ግን መጥታለች፤ ለምን እንደመጣች ገና አልደረስሁበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ። ሁላችሁም ስሙኝ፤ እኔም እያንዳንዳችሁን እየሰማሁ ነው።

ፒካፗ በ1966 ዓ.ም. ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ በሐራጅ የገዛኋት፣ አረንጓዴ፣ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ናት። ከስማዳ ገብስ፣ ከአርብ ገበያ ባቄላ አውጥቼባታለሁ። ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ደብረ ታቦር አድርሼባታለሁ፤ ሁለት ልጆች መንገድ ላይ እላይዋ ተወልደዋል፣ አንዱ ዛሬ ዲያቆን ነው። በ1998 የጨጨሆን ቁልቁለት ስወርድባት ከመንገድ ወጥታ ቦይ ገባች። ከሳምንት በፊት ፍሬኗን የሠራው መካኒኩ ዘመኑ ስለነበር በሽማግሌ ፊት ጥፋተኛ አስባልሁት። ከዚያ ወዲህ በገዛ ሞተሯ ከግቢ ወጥታ አታውቅም።

እንዳትወጣ ያደረጋት ግን ሰው ነው። ይህ ይሰመርበት።

በ2001 ዘመኑ እንደ ካሳ አድርጎ ሞተሯን ፈትቶ ገጠማት። በነጋታው ቁልፉን ባዞር እሳት የለም። ክዳኗን ብንከፍት፣ ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች እሳት በተራ የምታድለዋ፣ አውራ ጣት የምታህለው ተሽከርካሪ ዕቃ ተነቅላለች። ዘመኑ ሮተር ይላታል። ያለ እርሷ ባትሪው ቢሞላ፣ ቤንዚኑ ቢትረፈረፍ፣ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሣም። ሞዴሉ ያረጀ በመሆኑ ምትኳን ከአዲስ አበባ ለማግኘት ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። በ2007 ገጠምናት፤ ሳትውል ሳታድር ጠፋች። ሦስተኛዋን ጎንደር ካለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አገኘሁ። በ2012 «ዘንድሮ ጥምቀትን ታቦቱን ተከትዬ እየነዳሁ አከብራለሁ» ስል ሰንብቼ፣ በከተራ ዕለት ጠፋች።

እንግዲህ አስቡት። ባትሪው ነበር፣ ክሪኩ ነበር፣ አዲሱ ጎማ ነበር። ያን ሁሉ ትቶ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ የሚወስድ ሰው ሌባ አይደለም፣ ጠላት ነው። አጥሩም አልተነካም። ስለዚህ ጠላቴ በበሬ ገብቶ የሚወጣ ነው ማለት ነው። ወልደማርያምን ከጥርጣሬ ነጻ አድርጌዋለሁ፤ ፒካፗ የቆመችው በአጥሩ ጥግ ስለሆነ ሄዳ በጠፋችለት ከሁሉም በላይ ደስ የሚለው እርሱ ነው። ዘመኑ ቂም አለው። ንጋቱ በኪሎ ሊሸጣት ይፈልጋል። የሺም፣ ይኸው ሁለተኛው መጣ፣ በ2001 ዕቃዋ በጠፋችበት ጠዋት ነጠላዋ ግሪስ ግሪስ ይሸት ነበር። ስጠይቃት ወፍጮ ቤት ነክቶኝ ነው አለችኝ። ሐሙስ ዕለት ነበር፤ ያን ጊዜ ወፍጮው ሐሙስ አይፈጭም።

ስለዚህ በዚያው በ2012፣ በጥር ማርያም ዕለት፣ አባ ፊልጶስን ግዝት ያንብቡልኝ አልኋቸው። ይቅርብን አሉኝ። ለመንኋቸው፣ እምቢ አሉ። እርሳቸውን መጠርጠር የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። «ወይ ያንብቡ፣ ወይ የሚደብቁትን ይንገሩኝ» ስላቸው፣ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ቆመው፣ «የክንዱን ዕቃ የወሰደ፣ ሲወስድም አይቶ የሸሸገ፣ ክንዱ ራሱ ይቅር እስኪለው ድረስ የተወገዘ ይሁን» ብለው አወገዙ። ሕዝቡ አሜን አለ። «የወሰደ» ሲሉ ድምፃቸው ወረደ፤ ከእኔ በቀር ያስተዋለ የለም።

ይኸው አምስት ዓመት ሊሞላ ነው። ዕቃዬን የመለሰ የለም። አባ ፊልጶስ ሌባውን እንደሚያውቁት ግን አልጠራጠርም። ስጠይቃቸው የንስሐ ምስጢር ነው ይሉኛል። እርሳቸውም ከዚያ ወዲህ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ቅዳሴ ትተው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሕፃናት ፊደል ያስቆጥራሉ።

ዛሬ ጠዋት ዘመኑን አስጠርቼ ፒካፗን እንዲያሰናዳት አዝዤዋለሁ። ካርቡራተሯን አጥቧል፣ ዘይቷን ቀይሯል፣ አዲስ ካንዴላ አስገብቷል፣ የሚኒባስ ባትሪም ተውሶ አስሮላታል። አሁን ውጭ ቆሟል። ከዚያች ከአንዷ ዕቃ በቀር ምንም አልጎደላትም። ይህን ያደረግሁት የወሰዳት ሰው አይቶ እንዲያፍር ነው።

እንግዲህ ትእዛዜ ይህ ነው። ሰውዬው ዛሬ በዚህ ክፍል ራሱን ካልገለጠ ፒካፗን ማንም አይወርሳት፤ ከባሕር ዛፉ ሥር እንደቆመች ዝጋ ትበስብስ። ግዝቱም ይኑር። እኔ ይቅር ሳልል ከሞትሁ የተወገዘው ሰው እንደተወገዘ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ አባ ፊልጶስ ሰናይትን «ልጄ፣ ብዕርሽን አሳርፊ» አሏት። አታሳርፊ አልኋት።

«ክንዱ፣ ይህን ግዝት ይዘው አይሂዱ» አሉኝ።

«ሌባውን ይንገሩኝና ልተወው።»

«የሌላ ሰው ንስሐ አንገቴን ቢቆርጡኝ ከአፌ አይወጣም። የራሴን ግን የመናገር መብት አለኝ።»

መጡና አንዳች ነገር መዳፌ ላይ አኖሩ። በጣቴ ዳበስኋት፣ የናሷን ጫፍ በጥፍሬ ጫርሁት። እርሷ ራሷ ናት።

«ሦስተኛዋን የወሰድሁ እኔ ነኝ» አሉ። «በከተራ ዕለት እናንተ ባሕረ ጥምቀቱን ልታዩ ስትወጡ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ነቀልኋት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንቱ ግዝት ያንብቡልኝ አሉኝ። እምቢ ብል ጠረጠሩ፣ ባነብ ደግሞ በራሴ ላይ ነው። አነበብሁት። ራሴን በአፌ አወገዝሁ። አምስት ዓመት መቅደስ አልገባሁም። ጉልበቴ ደኅና ነው።»



«ምን አደረግሁዎት?» አልኋቸው።

«ታቦቱን ተከትለው ሊነዱ ነበራ! ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት፣ ልጆች መሐል ለመሐል እየሮጡ!»

«አርባ ዓመት ነድቻለሁ!»

«መስቀል ሊሳለሙ ሲመጡ አየሩን ሲስሙ አይቻለሁ» አሉኝ። «እኔ ነኝ መስቀሉን ወደ ከንፈርዎ የማመጣው። ለማንም አልተናገርሁም።»

የሺ ስትነሣ ሰማሁ፤ ጓዳ ገብታ ከጎታው ሥር ስትፈልግ ቆየች። ተመልሳ በጨርቅ የተቋጠረች ነገር ሌላው መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

«የመጀመሪያዋ ይችውና። ወፍጮ ቤት አልነበርሁም።»

«የሺ! አንቺ?»

«በዚያው በ2001፣ ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኘን። ሦስት እርምጃ አይሞላም። በርበሬ ይዤ ቆሜ እያየሁህ፣ አልፈኸኝ ሄድህ። ስጠራህ በድምፄ ዞርህና 'አየሁሽ እኮ' ብለህ ሳቅህ። ክንዱ፣ አላየኸኝም። ቤት ገብቼ አለቀስሁ። መኪናዋ ተጠገነች ሲሉኝ ምን ላድርግ? አትንዳ ብልህ ትሰማኛለህ?»

እንደማልሰማት እርሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ከዚያ ንጋቱ ከበሩ አጠገብ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ ሁለተኛዋ በእኔ ናት። መመለስ ግን አልችልም፤ ከጨጨሆ ገደል ወርውሬያታለሁ።»

«አንተ እንኳ ብረቷን ፈልገህ ነው።»

«ብረቷን ምን ላደርገው? ገዢውን ያመጣሁት አራተኛ ዕቃ ያስመጣሉ ብዬ ፈርቼ ነው። በ98 አጠገብዎ የተቀመጥሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? መሪውን ይዤ ወደ ቦዩ የጠመዘዝሁት እኔ ነኝ። በዚያ በኩል ባንገባ በወዲያኛው ገደል ነበር። አባባ፣ ፍሬኑ ይሠራ ነበር። እግርዎ አልነካውም።»

ከዚህ በኋላ ድምፄ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ ሰናይት ትጻፈው።

ተናድጃለሁ። አንድ ሌባ ስፈልግ ሦስት አገኘሁ። የሺ ስለ ልጇ አታውቅም፣ ልጇም ስለ እናቱ አያውቅም፤ ሁለቱንም የሚያውቁት አባ ፊልጶስ የራሳቸውን ጨምረው ሦስቱንም ተሸክመው ኖሩ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ለብቻዬ ስቆርብ የሺን «ምነው አትመጪም?» ብዬ፣ «ራሴን አሞኛል» ስትለኝ አምኛት ዝም አልሁ። በነጠላዋ ግሪስ ስጠረጥራት ኖሬ፣ መጠርጠር በነበረብኝ በዚህ አመንኋት። ሚስቴን ከቁርባን የለየኋት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ዐይኔን አልጠረጠርሁትም ነበር ብል ደግሞ ውሸት ነው። በ1998 ያንን መታጠፊያ አላየሁትም። ጭጋግ መስሎኝ ነበር፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ እንደነበረ በኋላ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። ዐይኔ ጠፋ ከማለት ፍሬኑ ጠፋ ማለት ቀለለኝ። ሾፌር ዐይኑን አጣ ከተባለ ከዚያ ወዲያ ማን ይባላል? ይህን ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዘመኑ ይግባልኝ አልሁ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ።

«ዘመኑ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆኖብሃል። የሠራኸው ፍሬን ደኅና ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ታውቃለህ? ታዲያ ሽማግሌዎቹ ፊት ለምን ዝም አልህ?»

«እርስዎ እኮ ሾፌር ነዎት፣ ጋሼ» አለኝ።

የመፍቻ ሣጥኔ ከነሙሉ ዕቃው ለዘመኑ ይሁን። ፍሬኑ ደኅና እንደነበረና የዋሸሁት እኔ እንደሆንሁ ይታይሽ ከሌላው ሁሉ ነገር አስቀድማ ታውራ። ዛሬ ምላሷን በአደራ እፈልገዋለሁ። የሺ የመለሰችውን ዕቃ ለዘመኑ ሰጠሁት፤ ይዞ ወጣ።

ቀጥሎ ቄስ አድማሱን ወደ አልጋዬ አስጠጋኋቸው። ያመጣኋቸው ለጥበቃ ነበር፤ አባ ፊልጶስ ራሳቸው ታስረው ሌላውን ሊፈቱ አይችሉምና እግዚአብሔር ለሌላ ሥራ አመጣቸው። እኔ ክንዱ ዋሴ የሺን፣ ንጋቱንና አባ ፊልጶስን ከልቤ ይቅር ብያለሁ፤ እናንተም ይቅር በሉኝ አልሁ። ሦስቱም ይቅር ለእግዚአብሔር አሉኝ። ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን አንሥተው እግዚአብሔር ይፍታ አሉ። አባ ፊልጶስ ወለሉ ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ ይሰማኛል። ነገ እሑድ ነው፤ መቅደስ ገብተው ይቀድሱ። ካህን ማዘዝ ባይገባኝም ይኸንን ብቻ አዝዣለሁ።

ይህ እየተጻፈ ሳለ ውጭ ሞተሩ አጉረመረመ። ዝም አለ። እንደገና አጉረመረመ። በሦስተኛው ተነሣ። ወልደማርያም «ተነሣች!» ብሎ እጄን ያዘኝ፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት ወዲህ ሲነካኝ የመጀመሪያው ነው። እኔ ግን ጆሮዬን ጣልሁ። ድምጿ አይገጥምም፣ አንዱ ሲሊንደር እሳት አያገኝም። «ሦስተኛው ካንዴላ! ገመዱን አጥብቀው!» ብዬ ጮህሁ። ዘመኑ «እሺ ጋሼ!» አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ድምጿ ተስተካከለ። እኔም አለቀስሁ።

ፒካፗ ለልጄ ለፍቅርተ ትሁን። ላሚቱና ጊደሮቹም አይቀሩባትም። በመንጃ ፈቃዷ መሳቄን ትተውልኝ። ለምን እንደመጣች ጠይቄያት «አባባ፣ ልይዎት ነዋ» ብላኛለች፤ ይህንንም አምኛለሁ። ንጋቱ ገብሱን በወቃ ቁጥር ታመላልስለት፤ ብረት ገዢው ግን ከግቢው በር እንዳይደርስ። ይህ ጽሑፍ እንደተፈረመ ደግፋችሁ ከፍቅርተ ጎን አስቀምጡኝ፤ ጨጨሆ አፋፍ ድረስ ወስዳ ትመልሰኛለች። ማርሽ ስትቀይር ምንም አልናገርም ብዬ ግን አልምልም።

ቀድሞ የተጻፈው ፒካፗ ትበስብስ የሚለው ቃል ተሽሯል፤ ንጋቱን አላምነውም ያልሁትም ተሽሯል። ሰናይት ሁለቱንም ሳትፍቅ በላያቸው አንዲት መስመር ብቻ ታስምርባቸው፤ የነበርሁትን ሰው ልጆቼ ያንብቡት። ኑዛዜው ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ ለእኔና ለአራቱ ምስክሮች በአንድነት ድምፅን ከፍ አድርጎ ተነቧል፤ ቃሌ መሆኑንም አረጋግጫለሁ።

ምስክሮቹ ቀድመው ይፈርሙ። እኔ መጨረሻ የምፈርመው ከእኔ በኋላ ብዕር የሚያነሣ እንዳይኖር ነው።

አባ ፊልጶስ፣ ካህን፦ ፈርመዋል።
ቄስ አድማሱ፣ የአርብ ገበያ፦ ፈርመዋል።
አቶ ወልደማርያም፣ ጎረቤት፦ ፈርሟል።
ወይዘሮ ይታይሽ፣ ጎረቤት፦ ፈርማለች።
ጸሐፊዋ ሰናይት፦ ፈርማለች።

ተናዛዡ ክንዱ ዋሴ፦ ፊደል የቆጠርሁ ሰው ነኝ፤ በየኬላው ሙሉ ስሜን እየጻፍሁ አልፌያለሁ። ዛሬ ግን ሰናይት የዘረጋችልኝ ወረቀት ነጭ ብቻ ነው፣ መስመሩ አይታየኝም። ስለዚህ የቀለሙን መርገጫ አምጡ። የሺ አውራ ጣቴን ይዛ ታሳርፍልኛለች። የት እንደምታሳርፈው አልጠይቃትም።